የባሕሩ መጽሐፍና የቤቱ መጽሐፍ

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን ያወቅሁት ኮምቦልቻ ነው፤ ገና ድምፄ ሳይጎረንን፣ በቀላል እንግሊዝኛ አጥሮ በተዘጋጀ ስስ መጽሐፍ። ሽፋኑ «ትሬዠር አይላንድ» ይላል። ጊዜው 1970ዎቹ ነው። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚሰጠው መዝገብ ላይ ተፈርሞ ነበር፤ ያን መጽሐፍ ደጋግሜ ከመውሰዴ የተነሣ ኋላ ኋላ ባለ መዝገቧ ሳትጠይቀኝ ስሜን ትጽፈው ጀመር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ፒያሳ በነበረው የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት የዚያኑ ሰው ሌላ መጽሐፍ አገኘሁ። ይኼኛው የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ አንድ ሽማግሌ አባት፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ርስት። ባሕርም አለበት፣ የባሕር ወንበዴም አለበት። ነገሩ የሚበላሸው ግን ቤት ውስጥ፣ ገበታ ዙሪያ ነው።

ስለ ስቲቨንሰን ሲነገር ሰውየውን ለሁለት መክፈል የተለመደ ነው። በአንድ በኩል ለልጆች ጀብዱ የጻፈው፣ በሌላ በኩል ለአዋቂ የጻፈው ይቀመጣል። አንዳንዱ የመጀመሪያውን እንደ ልምምድ፣ ሁለተኛውን እንደ ቁም ነገር ያየዋል። ሁለቱንም እያፈራረቅሁ ሳነብ ዕድሜዬ ስለ ሄደ የማምነውን ልናገር፦ ሰውየው አንድ ጉዳይ ብቻ ነበረው፤ እሱም አባትና ልጅ ነው። በባሕሩ መጽሐፍ ውስጥ አባትየው ገና በመጀመሪያ ገጾች ይሞትና ልጁ ይሄዳል። በቤቱ መጽሐፍ ውስጥ አባትየው ቶሎ አይሞትም፤ ልጁም የሚሄድበት የለውም።

ይህ እንዴት እንደ ታየኝ ለመናገር ከራሴ አባት መነሣት አለብኝ። አባቴ ሹፌር ነበር። ኤንትሬውን ከነተሳቢው ይዞ በባቲ፣ በሚሌ፣ በኤሊዳር አድርጎ አሰብ ይወርዳል፤ ከወደብ ጭኖ ይመለሳል። በእኛ ሰፈር ባሕርን በዓይኑ ያየ ሰው ቢኖር ሹፌር ወይም ረዳት ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ ያልገባኝን የምጠይቀው መምህሬን ሳይሆን አባቴን ሆነ።

«አባዬ፣ ባሕር እንደ ሐይቅ ነው?»

«ሐይቅን ዳር ቆመህ ማዶውን ታየዋለህ» አለኝ። «አሰብ ስትደርስ ማዶ የሚባል ነገር የለም።» ትንሽ አሰበና ጨመረበት፤ «ፊት ለፊት ትንንሽ ደሴቶች አሉ እንጂ።»

ደሴቶች አሉ ማለቱ ለእኔ ምን እንደ ነበር! ጂም ሐውኪንስ የተባለው ልጅ በሞተ መርከበኛ ሣጥን ውስጥ ካርታ አግኝቶ ወደ ደሴት ሲጓዝ፣ የእኔ አባት በየጊዜው ደሴት ቆሞ እያየ ሽንኩርትና ጨው ጭኖ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ከመንገድ ሲመለስ እግሩን ሳይታጠብ ምዕራፉን እተርክለት ነበር። ያዳምጣል። ሲያዳምጥም እንደ ትልቅ ሰው ነገር ነው፤ መርከበኛው ስንት ሆኖ ነው የሚያድመው፣ ውኃ ከየት ይቀዳሉ፣ ያ አንድ እግሩ የተቆረጠ ምግብ አብሳይ በሚንገዳገድ መርከብ ላይ እንዴት ይቆማል፣ ይህን ሁሉ ይጠይቃል። የሞተው መርከበኛ ሣጥን ሲከፈት የወጣውን ዕቃ ስዘረዝርለት ደግሞ አስቆመኝና ኤንትሬው ላይ ያለውን የራሱን ሣጥን ይቆጥርልኝ ጀመር፤ ክሪኩ፣ መፍቻዎቹ፣ የተጣፈው ከመነዳሪ፣ ማስቲሹ፣ ፋኖሱ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቅያሪ ሸሚዝ፣ እናቴ የምትቋጥርለት በሶ። «ሰው ሲሞት ሣጥኑ ነው የሚናገርለት» አለኝ። ይህን ያለው ስቲቨንሰንን ሳያነብ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስቲቨንሰን ስለዚያ መጽሐፍ አጻጻፍ በ1894 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ጽሑፍ አገኘሁ፤ አንብቤ ስጨርስ ደጅ ወጥቼ ብዙ ተመላለስኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. ክረምቱ ሲያልቅ ስቲቨንሰን በስኮትላንድ ተራራማው አገር፣ ብሬማር በምትባል መንደር፣ ከወላጆቹ፣ ከሚስቱ ከፋኒና ከእንጀራ ልጁ ከሎይድ ጋር ቤት ተከራይቶ ነበር። ዝናቡ አላስወጣ አላቸው። ሎይድ 13 ዓመቱ ነው፤ በውኃ ቀለም ሥዕል ይሥላል። ስቲቨንሰንም አብሮት ተቀምጦ የአንዲት ደሴት ካርታ ሣለ፤ ወደቧን ሠራ፣ ኮረብታዋን ሰየመ፤ ካርታውን ሲያይ ሰዎቹ ከዛፎቹ መሀል ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ይጽፍና ከምሳ በኋላ ለቤተሰቡ ያነባል። መጽሐፉ ለልጁ የታሰበ ነበር። ከልጁ እኩል የተያዘው ግን ሽማግሌው አባቱ ቶማስ ነው። የመርከበኛው ሣጥን የሚከፈትበት ቦታ ሲደርስ ቶማስ ስቲቨንሰን የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ተቀምጦ በአንድ የሕግ ወረቀት ፖስታ ጀርባ ላይ በሣጥኑ ውስጥ ሊኖር የሚገባውን ዕቃ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ልጁም ዝርዝሩን እንዳለ ወሰደው። የታሪኩ ወንበዴ የካፒቴን ፍሊንት መርከብ «ዋልረስ» የተባለችውም በአባትየው ነው። በኋላ የመጀመሪያው ካርታ ለአሳታሚው ተልኮ ሲጠፋና ሌላ ካርታ ከታሪኩ ጋር እየተመሳከረ በአባትየው ቢሮ ሲሠራ፣ የካፒቴን ፍሊንትን ፊርማ አስመስሎ የፈረመው ያው ቶማስ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው ከ60 አልፏል።

ይህ ሰው ማን እንደ ነበር ሳይታወቅ የነገሩ ክብደት አይታይም። ስቲቨንሰኖች የባሕር መብራት ማማ መሐንዲሶች ናቸው። አያትየው ሮበርት፣ ማዕበል ሲሞላ ባሕር የሚውጠውን ቤል ሮክ የተባለ ዐለት ላይ ማማ አቁሞ በ1811 እ.ኤ.አ. መብራቱ በርቷል። አጎቶቹም አባቱም በዚያው ሙያ ያደጉ፣ በስኮትላንድ ጠረፍ ዙሪያ መብራት የተከሉ ናቸው። ሉዊስ በ1850 እ.ኤ.አ. ኤድንብራ ሲወለድ አንድ ልጅ ነው፤ ደረቱ የታመመ፣ ከትምህርት ይልቅ አልጋ ላይ ብዙ የከረመ አንድ ልጅ። ምህንድስና ጀመረ። በ1871 እ.ኤ.አ. ለአባቱ መሐንዲስ እንደማይሆን፣ መጻፍ እንደሚፈልግ ነገረው። ቶማስ ሕግ እንዲያጠና አስማማው፤ እስከዚህ ድረስ ቻለው። በ1873 እ.ኤ.አ. ግን ልጁ በአባቱ እምነት እንደማያምን በጥያቄ ተይዞ ተናገረ። ቤቱ ሐዘን የተቀመጠበት ቤት ሆነ። አባትየው መላ ሕይወቱን ከንቱ እንዳደረገበት ለልጁ ፊት ለፊት ነገረው።

ይህን የተባባሉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ከስምንት ዓመት በኋላ በዝናብ ተዘግተው የወንበዴ ሣጥን አብረው የሚሞሉት። ስለ ሃይማኖት ተነጋግረው አልታረቁም። ስለ መሐንዲስነትም ነገሩ አልተነሣም። አንድ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ፣ ለልጅ በተባለ ታሪክ ውስጥ፣ አባት «ሣጥኑ ውስጥ ይህም ይኑር» ሲል ልጅ «ይኑር» አለ። ለልጆች የሚጻፍ መጽሐፍ ቀላል ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ነው የምተርክለት።

ታሪኩ በ«ያንግ ፎክስ» መጽሔት ከ1881 እስከ 1882 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ በተከታታይ ወጣ፤ ደራሲው «ካፒቴን ጆርጅ ኖርዝ» የሚል የብዕር ስም ተጠቅሞ ነበር። በመጽሐፍ መልክ የታተመው በ1883 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን ሳነበው የሚያቆመኝ በልጅነቴ ዘልዬው ያለፍኩት ቦታ ነው። የጂም አባት ማደሪያ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ታሟል፤ ገና ጀብዱው ሳይጀመር ይሞታል። ከቀብሩ ማግስት ደግሞ ቤታቸው ያረፈው ክፉ መርከበኛ ይሞታል። ጂም ሰውየውን ወዶት አያውቅም፤ ሲሞት ግን እንባው ይፈስሳል፤ የመጀመሪያው ሐዘን ገና አልወጣለትማ! ደራሲው ይህን ሁሉ በጥቂት ቃል ብቻ ብሎ መርከቡን ያስነሣል። ከዚያ ወዲያ ጂም ሳያውቀው አባት ይፈልጋል። ዶክተሩ አለ፣ ባላባቱ አለ፣ ካፒቴኑ አለ፤ ልቡን የሚወስደው ግን ያ አንድ እግሩ የተቆረጠ አብሳይ፣ ጆን ሲልቨር ነው። ከልጅ ጋር እንደ እኩያ የሚያወራው፣ መርከብ የሚያሳየው፣ ብልህ መሆኑን የሚነግረው እሱ ነው። ቀጥሎ ልጁ በፖም በርሜል ውስጥ ተደብቆ ያው ሲልቨር በዚያው ጣፋጭ ቃል ሌላውን ወጣት ሲያባብል፣ ግድያ ሲያሳድም ይሰማል። አንድ ልጅ የሚወደው ትልቅ ሰው ምን እንደ ሆነ የሚያውቅበት ሰዓት ከዚህ የበለጠ ተጽፎ አላየሁም። ኮምቦልቻ ሳነበው የፈራሁት ግድያውን ነበር፤ ዛሬ የሚያስፈራኝ የሲልቨር ቃል ሁለቱም ጊዜ አንድ መሆኑ ነው።

«ኪድናፕድ» በ1886 እ.ኤ.አ. በዚያው መጽሔት የወጣ ነው፤ እሱም ለወጣቶች። ዴቪድ ባልፎር አባቱን ቀብሮ ደብዳቤ ይዞ ወደ አጎቱ ቤት ይሄዳል። አጎትየው ንፉግ ሽማግሌ ነው፤ በጨለማ፣ ያለ መብራት፣ ማማ ላይ ወጥቶ ሣጥን እንዲያመጣለት ይልከዋል። ዴቪድ ግድግዳ እየዳበሰ ይወጣል። ወደ ፊት ሲዳስስ እጁ ደረጃው መቋረጡን፣ ቀጥሎ ባዶ መሆኑን ያገኛል። በዚህ ገጽ ላይ ያልተንቀጠቀጠ ልጅ የለም። ኋላ አጎትየው ለመርከብ አለቃ ይሸጠዋል፤ መርከቡ ይሰበራል፤ ዴቪድ አለን ብሬክ ከተባለ ሽፍታ ጋር ተራራ ለተራራ ይሰደዳል። እዚህ ድረስ ጀብዱ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ይህ ሁሉ ከየት እንደ መጣ ይገለጣል፦ የዴቪድ አባትና አጎቱ በወጣትነታቸው አንዲት ሴት ወደዱ፤ ተስማምተው አንዱ ሴቲቱን፣ ሌላው ርስቱን ወሰደ። ሴቲቱን የወሰደው ርስቱን ለቆ ድኻ መምህር ሆኖ ሞተ፤ ርስቱን የወሰደው በባዶ ቤት ብቻውን ሻገተ። ልጅ ከመወለዱ በፊት የተዋዋሉት ውል ነው ልጁን ደረጃ በሌለው ማማ ላይ ያወጣው። እኛ አገር የአባት ዕዳ ለልጅ የሚለውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቶማስ በግንቦት 1887 እ.ኤ.አ. ሞተ። ሉዊስ በዚያው ዓመት ነሐሴ ብሪታንያን ለቆ ወጣ፤ አልተመለሰም። ከዚያ በፊትም በአጫጭር ሥራዎቹ የአባትንና የልጅን ጠብ ነካ ነካ አድርጎታል። አባትየውን በረጅም ልብ ወለድ ገበታ ላይ አስቀምጦ እስኪበቃው ያየው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሳራናክ ሌክ ብርድ ውስጥ «ዘ ማስተር ኦቭ ባለንትሬ»ን ጀመረ፤ መጽሐፉ በ1889 እ.ኤ.አ. ታተመ። ፒያሳ ያገኘሁት ይህን ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1745 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስደተኛው ልዑል ዙፋን ሊያስመልስ ተነሥቷል። የዱሪዎች ቤት ማን እንደሚያሸንፍ ስለማያውቅ አንዱን ልጅ ከአመጹ፣ አንዱን ከንጉሡ ጋር ለማድረግ ይወስናል፤ ርስቱ በሁለቱም መንገድ እንዲተርፍ። ተገቢው ታናሹ እንዲሄድ ነው። ታላቁ ግን እኔ እሄዳለሁ ይላል። ተከራክረው ተከራክረው ሳንቲም ይወረወራል፤ ዕጣው ለታላቁ ይወጣል። ታላቁን የምትወደው አሊሰን ያቺን የወርቅ ሳንቲም አንሥታ በቀለም በተሣለው ትልቅ መስኮት ላይ፣ በቤተሰቡ ጋሻ ምልክት መሀል ትወረውራለች፤ መስተዋቱ ይበሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታናሹ ሄንሪ የቀረ ተብሎ ይናቃል፣ የሄደው ይናፈቃል። አባትየው ደግ ሰው ነው፤ መጽሐፉን ይዞ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ የሚወደው ግን የሄደውን ነው፤ ይህም ያስታውቅበታል። ጥሩ አባት መሆኑ ነገሩን የባሰ አደረገው።

ያን መጽሐፍ ሳነብ ከአባቴ ጋር አንነጋገርም ነበር። እሱ ጋራዥ ከፍተን አብረን እንድንሠራ ያስብ ነበር፤ ለዚህም ከደሞዙ ያስቀምጥ ነበር። እኔ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መረጥኩ። አልተቆጣም። «እንግዲህ እወቅበት» ብሎኝ ዝም አለ፤ ያም ዝምታ ክረምቱን ሙሉ ቆየ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በፓስፊክ ውቅያኖስ በሳሞዋ ደሴቶች፣ የአገሩ ሰዎች «ቱሲታላ»፣ ተራኪው፣ እያሉት፣ በቤቱ ሆኖ ስቲቨንሰን በመጨረሻ የጻፈው «ዊር ኦቭ ሐርሚስተን»ን ነው። የባሕር ሰው በባሕር መሀል ተቀምጦ ስለ ኤድንብራ ዳኛ ይጽፋል። ዳኛው አዳም ዊር ሰው በመስቀል የታወቀ ነው፤ አርቺ አንድ ልጁ ነው። አርቺ አባቱ የፈረደበት ሰው ሲሰቀል ቆሞ አይቶ፣ ይህ ግድያ ነው ብሎ በአደባባይ ይጮኻል። አባትየውም ወደ ገጠሩ ርስት ያባርረዋል። በዚህ መሀል ስቲቨንሰን አንድ ነገር ያስቀምጣል፤ ከመላው ሥራው ይህቺን አስበልጣለሁ። የቤተሰቡ ሐኪም ለአርቺ ይነግረዋል፦ ልጅ ሳለህ በኩፍኝ ልትሞት ደርሰህ ነበር፤ ለአባትህ ለውጥ እንዳለ ስነግረው አፉን አልከፈተም፣ ዓይኑን ብቻ ተከለብኝ፤ ለውጡ ወደ መዳን ነው ስለው ግን ሲተነፍስ ሰማሁት። ይኼው ነው። የዳኛው ፍቅር ሁሉ አንድ ትንፋሽ ነው፤ ያንንም ልጁ ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል።

ስቲቨንሰን ታኅሣሥ 3 ቀን 1894 እ.ኤ.አ. ጠዋት ለእንጀራ ልጁ ለቤል እያስጻፈ ውሎ፣ ማታውን በ44 ዓመቱ ሞተ። መጽሐፉ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቀረ።

ለልጅም ለአዋቂም የመጻፍ ይህ ስፋት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው በፊት «ተረት ተረት የመሠረት»ን ያወጡ ሰው ናቸው፤ በ1948 ዓ.ም.። ያው ትልቁ መጽሐፋቸውም ቢሆን የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ፣ ያ መንገድ ልጅ ትንፋሹን ይዞ የሚያነበው መንገድ ነው። የጉዞውን ፍርሃት ያላወቀ ደራሲ የቤቱን ጭንቀት ይጽፈዋል ብዬ አላምንም። ዛሬ ለወጣቶች የሚጽፉ ወገኖቼ ሥራቸው ለልጅ ስለሆነ ብቻ ሲታለፍ ስለማይ ይህን በሙሉ ልቤ እናገራለሁ።

የአሰብ መንገድ ከተዘጋ በኋላ አባቴ መሪ ለቆ ኮምቦልቻ ተቀመጠ። ለዕረፍት ስሄድ እንደ ልጅነቴ እተርክለት ጀመር፤ አሁን ግን የቤቱን መጻሕፍት። የባለንትሬውን ታሪክ አልወደደውም። ወንድማማቾቹን ትቶ ሽማግሌውን ነው የያዘው፤ አባት ባለበት ቤት ሳንቲም ይወረወራል ወይ ብሎ ተቆጣ። የዳኛውን ታሪክ ስተርክለት ግን አላቋረጠኝም፤ የሐኪሙ ወሬ ላይ ስደርስ ብቻ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት።

«ታዲያ መጨረሻው?»

ደራሲው ሳይጨርሰው እንደ ሞተ፣ ግን ለእንጀራ ልጁ የነገራት ሐሳብ እንዳለ ነገርኩት። አርቺ ሰው ይገድላል፤ ለፍርድ አባቱ ፊት ይቀርባል፤ ወዳጆቹ እስር ቤት ሰብረው ያስመልጡትና ከሚወዳት ልጅ ጋር አሜሪካ ይሄዳል። አባትየው ግን በገዛ ልጁ ችሎት ላይ የተቀመጠበት ድንጋጤ ይገድለዋል።

«አይሞትም» አለ አባቴ። «ሰው ሲሰቅል የኖረ ዳኛ ልቡ እንዲህ በዋዛ አይቆምም። ካባውን አውልቆ፣ ‹ይኼን ሌላ ሰው ይፍረደው› ብሎ ነው የሚነሣው።»

ሕጉን፣ ክብሩን፣ የሰውየውን ጠባይ አንሥቼ ተከራከርኩት፤ እንዲህ ያለ አባት ከወንበሩ አይነሣም፣ ስለማይነሣም ነው የሚሞተው አልኩት። እናቴ ምሳው እየቀዘቀዘ ነው እያለች ሁለት ጊዜ ጠራችን። እኔ ዛሬም ስቲቨንሰን ያሰበው ፍጻሜ ልክ ነው እላለሁ፤ አባቴ ግን አልተቀበለኝም። በሌላ ጊዜ ስሄድም ጉዳዩን ከዚያው ካቆምንበት አንሥቶ ይሞግተኝ ነበር።